አገር ያቀናው ሾተል

ፊታውራሪ ገብረየስ አገራችንን ባቀኑበት ዕለት ዙሪት ወንዝ ቀጥ አለ።

ዙሪት ከመነሻው እስከ መጨረሻው ሲጥመዘመዝ የኖረ ወንዝ ነው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ጠዋት ውሃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች ባዶ እጃቸውን ተመለሱና "ወንዙ ቀጥ ብሏል፤ ውሃው እየሮጠ አልቀዳ አለን" አሉ። ወርደን አየን። እውነት ነበር።

አገር ማቅናት የሚባለውን ከዚያ በፊትም ሰምተን እናውቃለን። ጦር ይመጣል፣ ቤት ይቃጠላል፣ ከብት ይነዳል፣ አንድ ሹም ይተከልና "አቀናነው" ተብሎ ነጋሪት ይጎሰማል። አገሩ ራሱ ግን እንደጎበጠ ይቀራል። ፊታውራሪ ገብረየስ እንደዚያ አልነበሩም። አቀናለሁ ካሉ የሚያቀኑ ሰው ነበሩ።

ከወንዙ ቀጥሎ የበሬዎቹ ቀንድ ቀና። ማጭድ ሁሉ ቀጥ ብሎ ቢላዋ ሆነ፤ አጫጆቹ እህሉን በግራ እጃቸው አንቀው እንደ ዶሮ ያርዱት ጀመር። የጥጥ መንደፊያው ደጋን ሲቀና ጅማቱ ረገበ። የሴቶቹ ፀጉር ቀጥ ብሎ ሹሩባ አልያዝ አለ። የውሾቹ ጅራት ሳይቀር ቀና፤ ይኼን ይሆናል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ካፊያ ጥሎ ሲያባራ ቀስተ ደመናው እንደ ምሰሶ ቆሞ ታየ። ጎባጣ ሽማግሌዎቻችን ወገባቸው ተቃንቶ ሲነሱ መጀመሪያ ደስ ብሏቸው ነበር። ደስታቸው የቆየው ምርኩዛቸው አጥሮ መሬት አልደርስ እስኪላቸው ነው።

ክርንና ጉልበት ግን እንደ ወትሮው ይታጠፍ ነበር። መታጠፍ ሌላ ነው፣ መጉበጥ ሌላ ነው። የራስ ቅላችን ለምን እንደተረፈ አላውቅም፤ አልጠየቅኩም።

እኔ እታፈራሁ እባላለሁ። በቆንጥር አምባ ሸክላ ሠሪ ነኝ። ያን ዕለት ለገበያ ያደረቅኋቸው እንስራዎች ሆዳቸው ሟሽሾ ባለ አራት ማዕዘን ሆነው አገኘኋቸው፤ እሳት ሲነካቸው በየማዕዘናቸው ተሰነጠቁ። ሆድ የሌለው እንስራ ጀርባ ላይ አይታዘልም። ማን ይገዛዋል? በዚህ የተነሳ ፊታውራሪን ክፉኛ ጠላኋቸው። የእኔ ጥላቻ ግን የሸክላ ጥላቻ ነበር። የደጊቱ ሌላ ነው።

ደጊቱ ጎረቤቴ ናት፤ ቀጥቃጭ ናት። ወንድ ልጅ ያልነበረው አባቷ ሙያውን ለእሷ አስተምሯት ሞተ። ባሏን ንዳድ ወስዶባት የቀራት ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ብቻ ነበር፤ ቀኗም ደርሶ ነበር። ፊታውራሪ ሾተላቸውን መዘው ከኮረብታው ላይ በመንደራችን አናት ሲያዞሩት እሷ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የሰው መጥረቢያ ትስል ነበር።

ልጅ ማኅፀን ውስጥ ጎብጦ ነው የሚኖረው። ይኼን ማንም ያውቃል፤ ያን ዕለት ግን ያስታወሰው የለም።

"እታፈራሁ፣ ልጄ ቆመ" አለችኝ።

እጄን ሆዷ ላይ አስቀመጥኩ። ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሆዷ ክብነቱን ትቶ ወደ ላይ ሾሏል፤ አናቱ ከጡቷ ሥር ነበር። ሲወለድ እንደ ጦር ዘንግ ቀጥ ያለ ነበር። ወንድ ነበር። አላለቀሰም። ላቅፈው ብል ደረቴ ላይ አልገጥም አለኝ፤ ስለዚህ እንደ እንጨት በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ።

"ሾተላይ ነው" አሉ ሴቶቹ።

"ሾተል ነው" አለች ደጊቱ። "'ላይ' የለበትም።"

አርባዋ ሳይሞላ ወደ መንደራችን ጭቃ ሹም ወደ እንግዳው ሄዳ ደም እንዲፈረድላት ጠየቀች። ጭቃ ሹም ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ። "ክርስትና ያልተነሳ፣ ስም ያልወጣለት ልጅ ደም አይጠየቅበትም" አሏት። "የማን ደም ተብሎ ይጠየቃል?"

"የእኔ ተብሎ።"

"አንቺማ ይኸው ቆመሻል" አሏት።

ቤቷ ገባችና እሳት አያያዘች። ከዚያን ቀን ጀምራ ቂም ቋጠረች። ስትበላም፣ ስትቀጠቅጥም፣ ሰው ስትሸኝም ቋጥራ ነበር። በጎረቤትነት አንዳንዴ "ምን እያሰብሽ ነው?" እላታለሁ። "አንገቱን" ትለኛለች። ሌላ ወሬ አልነበራትም።

ስለ ሾተሉ ደግሞ መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ ከእሱ ነው። መጀመሪያ ሾተል አልነበረም። ፊታውራሪ በወጣትነታቸው የታጠቁት ቀጥ ያለ ሰይፍ ነበር። ቀጥ ያለ ሰይፍ ጋሻ ሲያገኝ ይቆማል፤ ጋሻው የጎሽ ቆዳ ከሆነማ ክንድ አዝሎ ይመልሳል። የመጀመሪያውን አገር ሲያቀኑ የዚያ አገር ጉብጠት ሰይፉ ውስጥ ገብቶ ጫፉ ትንሽ ደገነ። ፈረሰኛ እንዲህ ያለውን ይወዳል። እየጋለበ ሲመታበት አይቀረቀርበትም፣ እየቀደደለት ያልፋል። ጎራዴ አሉት።

ሁለተኛውን አገር ሲያቀኑ ማጭድ አከለ። ሾተል የሚባለው ይኼ ነው። ባለጋሻው ጋሻውን ፊቱ ላይ ሲደቅን ሾተሉ በጋሻው ጠርዝ ዞሮ ጀርባውን ያገኘዋል። ስንት ጀግና ፊት ለፊቱ በቆመ ሰው ከኋላው ተወግቶ ሞተ። ሬሳው ሲገኝ ቁስሉ ጀርባው ላይ ነው፤ ዘመዶቹ "ሲሸሽ ተመታ" እየተባሉ አንገታቸውን ደፉ። ፊታውራሪ ይኼን በሽለላቸው ያነሱት ነበር። ሰውየውን ገድለው ስሙንም መግደል ይወዱ ነበር።

የእኛን አገር ሲያቀኑ ግን ሾተሉ ከልክ አለፈ። ዙሪት ብቻውን ብዙ ጉብጠት ነበረው። ሌሎች አገሮችም አቅንተው ሲመለሱ ሾተሉ ከአፎት አልገባ አለ፣ ከገባም አልወጣ አለ። በቀኝ ጎናቸው ሲታጠቁት ጫፉ በወገባቸው ዞሮ የግራ ብብታቸውን ይነካቸዋል። አንድ ጠላት ሲመቱበት የራሳቸውን ፈረስ ጭራ ቆረጡ ይባላል፤ እኔ አላየሁም። የጦሩ ቀጥቃጭ ጠፍቶ ስለነበር ሌላ ቀጥቃጭ ፍለጋ ቆንጥር አምባ መጡ።

ረፋድ ላይ ነበር። እኔ ደጊቱ ዘንድ ከሰል ልዋስ ሄጄ ነበር፤ ጭቃ ሹም እንግዳው ደግሞ መንገድ መሪ ሆነው ከፊት ከፊት መጡ። አሽከሮቹ ፊታውራሪን ከበቅሎ አወረዷቸው። ፊታውራሪም ሾተሉን እንደ ልብስ ከላያቸው አውልቀው ደጊቱ እግር ሥር ወረወሩት።

"አቅኚልኝ" አሉ።

"ምን ያህል ጌታዬ?"

"እስኪቀና።"

እጀታው የወደቀው አፈሩ ላይ፣ ወደ ጓሮዋ ውሃ ከምታስገባበት ትንሽ ቦይ አጠገብ ነበር። ደጊቱ ጎንበስ ብላ ብረቱን ለመፈተን በትንሿ መዶሻ መታ አደረገችው። ቦዩ ተጥመዘመዘ። ውሃው እንደ ድሮው ወዲያ ወዲህ እያለ ጎመን መደቡ ውስጥ ገባ። ፊታውራሪ ተቀምጠው እግራቸውን እየታጠቡ ስለነበር አላዩም። እኔና ጭቃ ሹም አየን።

ነገሩ ግልጽ ነበር። ጉብጠቱ ከብረቱ የሚወጣው በእጀታው በኩል ነው፤ ሲወጣም እጀታው የነካውን ያጎብጣል። እጀታው መሬት ከተተከለ አገሩ ሁሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ጠጋ አልኳትና "እጀታውን መሬት ትከይው" አልኳት በሹክሹክታ። "ወንዙ ይመለሳል። ማጭዱ ይመለሳል። እባክሽ እቴ፣ የእኔም እንስራ ይመለሳል።"

"ልጄስ?"

የቀበርነው ቀጥ እንዳለ ነው። ቢጎብጥም የሚጎብጠው አፈር ውስጥ ነው።

"እሱ አይመለስም" አልኳት።

"እንግዲያው" አለች።

ወናፏን ነፍታ ከሰሉን አቀጣጠለች። ሾተሉን ልታነሳ እጇን ወደ እጀታው ስትሰድ ፊታውራሪ እግራቸው እንደራሰ ብድግ አሉ።

"እጅሽን! ቡዳ የያዘው እጀታ ጌታውን ይክዳል። ስለቱን እንዳሻሽ አድርጊው፣ እጀታውን እንዳትነኪ።"

እኛን የሚሉን እንደዚህ ነው፤ ቀጥቃጩንም ሸክላ ሠሪውንም። በሠራነው ያርሱበታል፣ ይበሉበታል፣ ይገድሉበታል፤ እጃችን ግን ይቀፋቸዋል። ለምደነዋል አልልም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ደጊቱ እጇን ሰበሰበች። "ካልተያዘልኝ አይቀጠቀጥም ጌታዬ። አሽከር ይያዝልኝ?"

"የእኔን ሾተል አሽከር አይዝም" አሉ። ትንሽ አሰቡና "መሬት ውስጥ እኔው ልትከለውና ቀጥቅጪው" አሉ።

ራሳቸው አፍ አውጥተው ተናገሩት እኮ! ደጊቱ እሺ ብትል በቃ፣ ያለቀ ነገር ነበር። ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ወንዙን አየች። ወንዙ ከደጃፏ ይታያል፤ ዳሩን ሳይነካ ወዲያ ወዲህ ሳይል ወደ ቆላ ይሮጣል።

"መሬት ያላላዋል ጌታዬ" አለች። "እንዲህ ያለውን ብረት አጥብቆ የሚይዘው የባለቤቱ ክንድ ነው።"

ፊታውራሪ ፈገግ አሉ። እንዲህ ሲባሉ ይወዳሉ። እጅጌያቸውን ሰብስበው እጀታውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። በዚያች ደቂቃ ከእሳቸው ይልቅ እሷን ጠላኋት።

ብረቱ ቀላ። ደጊቱ መቀጥቀጫው መስፍ ላይ አጋድማ በትልቁ መዶሻ መታችው። የፊታውራሪ ሪዝ ተጠቀለለ።

ደግማ መታችው። የእግራቸው ጣቶች ወደ ውስጥ ተቆለመሙ። አላስተዋሉም፤ ዓይናቸው ሾተሉ ሲቀና እያየ ነበር። አሽከሮቹ "እሰይ! እሰይ!" ይላሉ።

"ወገቤን ያዘኝ" አሉ ቆየት ብለው።

"ከበቅሎ ላይ ስለዋሉ ነው ጌታዬ።"

"ቆይ እስቲ፣ ልልቀቀውና ልረፍ።"

"ይልቀቁት" አለች ደጊቱ እየመታች።

ጣቶቻቸው እጀታው ላይ እንደ ሐረግ ተጠምጥመው ስለነበር አልተለቀቀም። የበሬዎቻችን ቀንድ በክንዳቸው ሲያልፍ አየሁ። የማጭዶቻችን ጉብጠት ጎድናቸው ውስጥ ገባ። የሽማግሌዎቻችን ጉብጠት ተራ በተራ ትከሻቸው ላይ ተጫነ፤ የአንዳንዱን ማንነት ሳይቀር ለየሁት። የእንስራዎቼም ሆድ ሲገባ አወቅኩት፤ እጄ የሠራውን እንዴት አላውቀውም? ዙሪት ግን ጊዜ ወሰደ። ከማጅራታቸው ጀምሮ በአከርካሪያቸው እየተጠማዘዘ ወረደና ሆዳቸው ውስጥ የውሃ ድምፅ ተሰማ።

"ስለ ምን?" ሲሉ ጠየቁ። አገጫቸው ደረታቸው ላይ ሊተኛ ትንሽ ቀርቶት ስለነበር የሚናገሩት ወደ እምብርታቸው ነበር።

"ስለ ልጄ።"

"የቱ ልጅሽ? ስሙ ማን ነው?"

ደጊቱ መዶሻዋን እንዳነሳች ቆመች። አፏ ተንቀሳቀሰ፤ የሚወጣ ስም ግን አልነበረም። ከዚያ ባላት ኃይል ሁሉ መታች።

ሾተሉ ቀና፤ ጣቶቻቸውም ያን ጊዜ ለቀቁት። ፊታውራሪ ወደቁ፤ ከወደቁ ይልቅ ተንከባለሉ ማለት ይሻላል። ከዚህ ወዲያ አንቱ ማለቱን ትቼዋለሁ፤ እንዲያ ለተንከባለለ ነገር አንቱ ማለት አፌ እምቢ አለኝ። ጉልበቱ አገጩ ሥር ገብቷል፣ ተረከዙ መቀመጫው ሥር ተወሽቋል፣ አፉ ደረቱ ላይ ተደፍኗል። ሸክላ ሠሪ ነኝና በዓይኔ ለካሁት። የጠላ ጋን ያህል ነበር። ክብነቱ እንከን አይወጣለትም፤ እንዲህ ያለ ሆድ ከሠራሁ ቆይቻለሁ።

የአሽከሮቹ አለቃ የሆነው አጋፋሪ ቀርቦ ዞሮ ዞሮ አየው።

"ጌቶች ምን ሆኑ?"

"ጎበጡ" አለች ደጊቱ።

"መቼ ይቀናሉ?"

"እኔ እንጃ።"

አጋፋሪው የጌታውን በቅሎ ፈትቶ ተሳፈረባት፤ ሌሎቹም ተከትለውት ሄዱ። ማንም ጎራዴ አልመዘዘም። ደመወዝ የሚሰጣቸው ሰው ከእንግዲህ እጁን የሚዘረጋ አይመስልም ነበር።

ወሬው ሲሰማ አገሬው ድንጋይ እየያዘ ወጣ። ከፊሉ በእሱ ተናዷል፣ ከፊሉ በደጊቱ። ወንዙ እንደቀና ነው፤ ማጭዱም እንደቀና ነው።

"መሬት ይተከል ሲባል እምቢ አልሽ አሉ" አላት አንዱ ገበሬ።

"አዎ።"

"እኛ ምን በደልንሽ?"

"ምንም" አለች ደጊቱ። "አላሰብኳችሁም።"

ድንጋዮቹ ወደ እሷ ሊዞሩ ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ ጭቃ ሹም እንግዳው ግን መላ አመጡ። ጉብጠቱ ከብረቱ ወጥቶ ሰውየው ውስጥ ከገባ፣ ሰውየው ሲቀደድ ወደ መሬት ይፈሳል። "ወንዙ ዳር ወስደን እንቅደደው። አንቺም ደምሽን ትመልሻለሽ፣ እኛም ወንዛችንን እናገኛለን" አሉ።

"ስም የሌለው ደም?"

"እሱን ተይው አሁን" አሉ ጭቃ ሹም። መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ሁሉም ተስማማ። እኔም ተስማማሁ፤ ሲቀደድ ማየት እፈልግ ነበር። እያንከባለልን ወሰድነው። ለመንከባለል አላስቸገረም፤ ቁልቁለቱ ላይማ ቀድሞን ነበር። ደጊቱ የቀናውን ሰይፍ እጀታውን ጨብጣ ተከተለች። ቡዳ ምናምን ያላት የለም። ውሃው ዳር አሳረፍነውና ክብ ሠርተን ቆምን። ፊቷ እንዲያ በርቶ አይቼ አላውቅም። ሸማውን ገለጠች፤ የምትቀድድበትን ቦታ ለመምረጥ ግራ እጇን ሆዱ ላይ አሳረፈች።

እጇ እዚያው ቀረ።

"እታፈራሁ" አለች። "እጅሽን አምጪ።"

ከጎኗ ተንበርክኬ እጄን አስቀመጥኩ። ቆዳው ይሞቃል፤ ከውስጥ ዙሪት ይፈሳል። ከዚያ አንድ ነገር መዳፌን መታኝ። እጄን ልሰበስብ ስል ደጊቱ ያዘችኝ። ደግሞ መታኝ። ሾተሉ የልጇንም ጉብጠት ይዞ ነበር።

"ምንድን ነው?" አሉ ጭቃ ሹም።

ደጊቱ ተነስታ ጀርባዋን ለእሱ ሰጠችና ሰይፉን ወደ እኛ አዞረችው።

"ማንም እንዳይጠጋው።"

"ደጊቱ፣ አገር እኮ ነው! ወንዙ..."

"ይሸከመው" አለች። "ቀኑ እስኪደርስ ይሸከመው። ያን ጊዜ የምቀድደው እኔ ነኝ። ቀስ ብዬ ነው የምቀድደው።"

በአንድ እጇ ሰይፉን እንደያዘች በሌላው መቀነቷን ፈታችና ለነፍሰ ጡር እንደሚደረገው ከሆዱ ሥር አዙራ ደግፋ አሰረችለት። እሱ መጮኽ አይችልም፤ አፉ ታፍኗል። ዓይኖቹ ብቻ በጉልበቶቹ መካከል ተበልጥጠው የራሱን ሆድ ያያሉ። ከመቀነቱ በላይ አንዲት ትንሽ ተረከዝ ቆዳውን ከውስጥ ወጠረችው፤ ቀስ ብላ ከጎን ወደ ጎን ተሻገረችና ተመልሳ ጠለቀች።